እንቁላሉ ወደ ማዕዳችን፣ ዶሮዋ ወደ ቤቷ

የጓሮ ዶሮን በተፈጥሯዊ መንገድ ለሚያረቡ ቤተሰቦች

 

በከተማም ሆነ በገጠር በርካታ ቤተሰቦች በጓሯቸው አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዶቹም አሥርና ከዚያ በላይ ዶሮ ያረባሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለልጆች በየቀኑ አንድ አንድ እንቁላል ገዝቶ ማብላት ለብዙ ወላጅ ከባድ ሆኗል። ዶሮ ደግሞ ሰፊ ቦታ አትፈልግም፤ ከማዕድ የተረፈውን ትለቅማለች፤ ለእንግዳ ትደርሳለች፤ ሲቸግርም ተሸጣ ጨውና ዘይት ትገዛለች። ብዙዎቻችን የምንመርጠውም ዶሮዎቹ ጓሮ ውስጥ ተለቀው፣ አፈር እየጫሩና ፀሐይ እየሞቁ በተፈጥሯዊ መንገድ ሲያድጉ ነው።

ይህ ምርጫ መልካም ነው። ነገር ግን «በተፈጥሯዊ መንገድ» ማለት «ያለ ጥበቃ» ማለት እንዳልሆነ ልብ ልንል ይገባል። በዛሬው ጽሑፋችን በተለይ አንድ ነገር እንድትይዙልን እንፈልጋለን። ዶሮዋ የምትሰጠን ጥቅም እና የምታመጣብን ጉዳት በአብዛኛው የሚለየው በምታድርበት ቦታ ነው። የራሷ ቤት ያላት ዶሮ ለቤተሰቡ ሲሳይ ናት፤ ከልጆቻችን ጋር በአንድ ክፍል የምታድር ዶሮ ግን በእንቁላሏ የሰጠችውን በኩሷ ልትወስደው ትችላለች።

ዶሮና ሕፃን በአንድ ጣሪያ ሥር

በአገራችን ብዙ ቦታ ዶሮ የምታድረው እኛው ቤት ውስጥ ነው። ወይ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ፣ ወይ ከመደቡ ሥር፣ ወይ ደግሞ ከበሩ ጀርባ በቅርጫት ተደፍታ። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌባው፣ ሽለምጥማጡና የሌሊቱ ብርድ አስገድዶን ነው። ሆኖም በዚህ ልማድ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ቆም ብለን እንድናስብ ያደርጉናል።

የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦች ላይ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አሳይቷል። በአንድ በኩል ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመታቸው የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። በሌላ በኩል ግን ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ በሚያድሩበት ጊዜ ግንኙነቱ ተገልብጦ የልጆቹ ቁመት ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው ያነሰ ሆኖ ታይቷል። ጥናቱ ግንኙነትን የሚያሳይ እንጂ በራሱ ብቻ የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም። ይሁንና የሚያስኬደው መንገድ ለማንኛችንም የሚገባ ነው።

ዳዴ የሚል ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ወለሉ ላይ የረገፈች ኩስ፣ ዶሮ የረገጠችው ምንጣፍ፣ ዶሮ የቀመሰችው የውኃ ጣሳ፣ ሁሉም ለእሱ አንድ ናቸው። በዚምባብዌ ገጠር ሕፃናትን ከጧት ጀምሮ ተቀምጦ በመከታተል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ ሕፃናት አፈርና የዶሮ ኩስ ሲበሉ በዓይን እንደታየ መዝግቧል። በኩሱ ውስጥ ያሉት ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የመሳሰሉ ተሕዋስያን ግልጽ የሆነ ተቅማጥ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ተቅማጥ ባይኖር እንኳ ተደጋጋሚው ብክለት የሕፃኑን አንጀት ያቆስልና የበላው ምግብ በሚገባ ወደ ሰውነቱ እንዳይገባ ያደርጋል ተብሎ ይታሰባል። እናት «ልጄ እንቁላል ይበላል፣ ግን አልፋፋ አለኝ» ስትል ሊታይ ከሚገባው ነገር አንዱ ይኼው ነው።

በዚህ ላይ በብዙዎቻችን ቤት ወለሉና ምንጣፉ መቀመጫም መስገጃም ነው። የኩስን ነጃሳነት በተመለከተ በመዝሀቦች መካከል ያለውን ዝርዝር ለዑለማዎቻችን እንተወውና፣ ሶላት የምንሰግድበትና ልጅ የሚድህበት ቦታ ከኩስ የጸዳ ይሁን ቢባል የሚከራከር ያለ አይመስለንም።

የዶሮዋ ቤት ምን ይሟላለት?

ጥሩ የዶሮ ቤት ማለት ውድ ቤት ማለት አይደለም። በባሕር ዛፍ ወይም በቀርከሃ፣ በጭቃና በአሮጌ ቆርቆሮ ሊሠራ ይችላል። ዋናው ነገር ደረቅ፣ አየር የሚዘዋወርበት፣ ከአውሬ የሚጠብቅና ለማጽዳት የሚያመች መሆኑ ነው።

1. ቦታው፦ ውኃ ከማይተኛበት፣ ትንሽ ከፍ ካለ ሥፍራ ይሁን። ከመኝታ ክፍል፣ ከማድቤትና ከውኃ ጉድጓድ ይራቅ። ግቢው ጠባብ ከሆነም ቢያንስ ከመስኮትና ከምግብ ማብሰያ በተቃራኒው በኩል ይደረግ። የጎረቤትን መስኮትም እንዳንረሳ።

2. ስፋቱ፦ ለእያንዳንዱ ሜትር ካሬ ከአራት ዶሮ ባይበልጥ ጥሩ ነው። የተጨናነቁ ዶሮዎች ይነካከሳሉ፣ ላባ ይነጫጫሉ፣ በሽታም ይጋባሉ። ስለዚህ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ቤት ለአሥራ ስድስት ዶሮ ይበቃል እንጂ ለሠላሳ አይሆንም።

3. ወለሉ፦ ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው ከመሬት ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በቀርከሃ ወይም በቀጫጭን እንጨት የተረበረበ ወለል ነው። ኩሱ በስንጥቁ ወደ ታች ስለሚወድቅ ዶሮዋ ከኩሷ ጋር አትኖርም። ሁለተኛው መሬት ላይ ሆኖ ወደ አሥር ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ጉዝጓዝ የተነጠፈበት ነው።

4. አየሩ፦ ብዙ ሰው ዶሮ እንዳይበርዳት በሚል ቤቱን ከሥር እስከ ላይ ይመርገዋል። ይህ ስህተት ነው። ላባዋ ደረቅ እስከሆነና ነፋስ በቀጥታ እስካልመታት ድረስ ጤነኛ ትልቅ ዶሮ የደጋውን ብርድ ትቋቋማለች። የምትጎዳው ከኩሷ በሚወጣው የአሞኒያ ሽታ ነው። ግድግዳው ከሥር ይመረግ፤ ከዶሮዋ ራስ በላይ ያለው ክፍል ግን በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። ጣሪያው ዝናብ እንዳያስገባ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ይሁን።

5. ቆጡ፦ ዶሮ በተፈጥሮዋ ከፍ ብላ ማደር ትወዳለች። ለእያንዳንዷ ወደ ሃያ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ያለው፣ ጠርዙ የማይቆርጥ እንጨት ይደረግላት። ቆጡ እየተነሣ የሚጸዳ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እናየዋለን።

6. የእንቁላል መጣያው፦ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ፣ በሁሉም ጎኑ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ጨለም ያለና ጭድ የተነጠፈበት ሣጥን ወይም ቅርጫት ይበቃል። ከቆጡ ዝቅ ይበል፤ ከፍ ካለ እዚያው ያድሩበትና እንቁላሉን በኩስ ያበላሹታል።

7. በሩ፦ ሽለምጥማጥ በጣም በጠበበ ቀዳዳ ትገባለች፤ አይጥም እንቁላልና ጫጩት ትወስዳለች። ማታ የመግሪብ አዛን ሲቃረብ ዶሮዎቹ ራሳቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ቆጥራችሁ በሩን በሚገባ ዝጉ፤ ከሱብሒ በኋላ ጎህ ሲቀድ ክፈቱላቸው።

ጉዝጓዝ፣ ሽታና የጎረቤት ሐቅ

ለጉዝጓዝ የጤፍ ወይም የስንዴ ጭድ፣ ሰጋቱራ ወይም የቡና ገለባ መጠቀም ይቻላል። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ በመንሽ ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት፤ የረጠበውን ክፍል እያወጣችሁ በደረቅ ተኩ። ጉዝጓዙ በቂ ደረቅ መሆኑን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። እፍኝ ሙሉ ዘግናችሁ ጨብጡት። ስትለቁት ከተበተነ ደህና ነው፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ እርጥብ ነውና ቀይሩት።

ሽታውንም በእኛ ቁመት ሳይሆን በእሷ ቁመት ለኩት። ጧት በሩን እንደከፈታችሁ ቁጢጥ ብላችሁ አንድ ጊዜ ተንፍሱ። አፍንጫችሁን ከቆጠቆጣችሁና ዓይናችሁ ካለቀሰ ዶሮዎቹ ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ውስጥ አድረዋል ማለት ነው። አሞኒያ የዶሮዋን የመተንፈሻ አካል ስለሚያቆስል ለሌላ በሽታ በር ይከፍታል።

የወጣውን ኩስ ሜዳ ላይ ከመጣል ይልቅ ከቅጠላ ቅጠልና ከጭድ ጋር ደባልቃችሁ በአንድ ጥግ ክምሩ። ትኩስ የዶሮ ኩስ ተክል ያቃጥላል፣ ጀርምም ይይዛል። ሁለት ሦስት ወር ከተብላላ በኋላ ግን ለጎመኑና ለቃሪያው ምርጥ ማዳበሪያ ነው።

ጎረቤትን በተመለከተ አንድ እውነታ እናስታውሳችሁ። ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ ዶሮ አያስፈልጋትም፤ አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ነው። አውራ ዶሮ ሲጮህ የሰማ ሰው አላህን ከችሮታው እንዲለምን ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩን መሆኑ የታወቀ ነው። ቢሆንም ግድግዳ ለግድግዳ በተጣበቀ የከተማ ግቢ ውስጥ አራትና አምስት አውራ ማቆየት ለጎረቤት ሕመምተኛና ለጨቅላ ሕፃን ሁከት ነው። እንቁላል ብቻ የሚፈልግ ቤተሰብ አውራውን ለድስቱ ቢያውለው ይሻላል።

የሐበሻዋ ወይስ የተሻሻለችው?

የሐበሻ ዶሮ ራሷን ትቀልባለች፣ ጭልፊት ስታይ ትደበቃለች፣ እንቁላሏን ታቅፋ በ21 ቀን ትፈለፍላለች። የምትጥለው ግን በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ገደማ ነው። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉት የተሻሻሉ ዝርያዎች በጥሩ አያያዝ በዓመት ከ250 በላይ ይጥላሉ። ሆኖም በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የሚሆን የተመጣጠነ መኖ ይፈልጋሉ፤ ማቀፍንም አይወዱም። ጓሮ ላይ ለቅማ ትኖራለች ብሎ የተሻሻለች ዶሮ መግዛት እሷንም ማስራብ፣ ገንዘብንም ማባከን ነው። ለመኖ የሚሆን አቅም ከሌለ የሐበሻዋ ትበቃለች።

ምግብና ውኃ

ለቀማ ብቻውን አይበቃም። በተለይ በበጋ ሣሩና ትሉ ሲጠፋ ማታ ማታ የተከካ በቆሎ ወይም ማሽላ፣ ፉርሽካና ጥቂት የኑግ ፋጉሎ ቀላቅሎ መስጠት እንቁላሉን ይጨምራል። የጎመን ቅጠል ለአስኳሉ ቀለም ይረዳል። የእንቁላል ቅርፊት አድርቃችሁና አድቅቃችሁ ስጡ፤ ካልሲየም ይሆናታል። ቅርፊቱን ሳያደቅቁ መስጠት ግን የራሷን እንቁላል መብላት ያስለምዳታል ይባላል፤ ስለዚህ ይድቀቅ።

የሻገተ እህል ለሰው አይሆንም ተብሎ ለዶሮ መጣል የለበትም። ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ መርዙም የዶሮዋን ጉበት ይጎዳል፣ ጫጩት ይገድላል።

ውኃ ከምግብ ይበልጣል። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ወደ ሩብ ሊትር ትጠጣለች፤ በቆላ ሙቀት ከዚያም በላይ። ዕቃው በየቀኑ ይታጠብ፤ ኩስ እንዳይገባበትም በድንጋይ ወይም በጡብ ላይ ከፍ ተደርጎ ይቀመጥ። አንዲትን ድመት አስራ፣ ሳታበላና ሳታጠጣ፣ ወጥታ እንዳትለቅምም ሳትለቅ ስለገደለችው ሴት መጥፎ ፍጻሜ የተላለፈልንን ሐዲስ ሁላችንም እናውቃለን። ዘግተን የምናሳድራት እንስሳ ረሃብና ጥም የእኛ ኃላፊነት ነው። ከገበያ ስናመጣትም እግሯን አስሮ ቁልቁል አንጠልጥሎ መሄድ ልማድ ቢሆንም ዶሮዋን ያሠቃያል፣ ይጎዳታልም። በቅርጫት ወይም በካርቶን ማምጣት ይቻላል።

ቆሻሻ ስለምትለቅም ዶሮ

«ዶሮ ቆሻሻ ትበላለች፤ እንዴት ይበላል?» የሚል ጥያቄ አዲስ አይደለም። በሰሓባው አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪይ (ረ.ዐ) ማዕድ ላይ የዶሮ ሥጋ ቀርቦ ሳለ አንድ ሰው ዶሮ የሚያጸይፍ ነገር ስትበላ አይቻለሁ ብሎ ራሱን አገለለ። አቡ ሙሳም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የዶሮ ሥጋ ሲበሉ ማየታቸውን ነገሩት። በመሆኑም ዶሮ በመሠረቱ ሐላል መሆኗ አያጠያይቅም።

በሌላ በኩል አብዛኛው ምግቧ ነጃሳ የሆነ እንስሳ «ጀላላ» እንደሚባል፣ ሥጋዋንና ወተቷን መብላትም እንደተከለከለ ተላልፏል። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) እንዲህ ዓይነቷን ዶሮ ለሦስት ቀን ይዘው ንጹሕ ይቀልቡ እንደነበርም ተዘግቧል። ዝርዝር ፍርዱን በአቅራቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁ። ከጤና አንጻር ግን መልእክቱ ግልጽ ነው። ዶሮዋ ክፍት መጸዳጃ ቤት፣ የፍሳሽ ቦይና የሰፈር ቆሻሻ ገንዳ እንዳትደርስ አድርጉ። መጸዳጃውን ክደኑ፤ ጓሮውን እጠሩ፤ ከማይታወቅ ቦታ የተገዛችውንም ቢያንስ ለጥቂት ቀናት ንጹሕ ቀልባችሁ እረዱ።

በየጧቱ ሁለት ደቂቃ

ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች። ስለዚህ ጧት ስትከፍቱላቸው ሁለት ደቂቃ ቆማችሁ ተመልከቱ። ጤነኛ ዶሮ በሩ እንደተከፈተ ተሽቀዳድማ ትወጣለች፤ ዓይኗ ንቁ ነው፤ ራሷ ላይ ያለው ሥጋ ቀይና የሞላ ነው፤ ኩሷ ጠጠር ብሎ ጫፉ ነጭ ነው። ጥግ ይዛ የቆመች፣ ላባዋን ያንጨባረረች፣ ክንፏን የጣለች፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ወይም አረንጓዴና ደም የቀላቀለ ኩስ የምትጥል ካለች ወዲያውኑ ከሌሎቹ ለይታችሁ አስቀምጡ። በሽታ የሚስፋፋው «እስከ ነገ እንያት» በምንልባት በዚያች አንድ ቀን ነው።

አዲስ የተገዛች ዶሮም ደህና ብትመስል እንኳ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ብቻዋን ትቆይ። በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮ ከገበያ ገበያ ስለሚዘዋወር በሽታውም አብሮ ይዘዋወራል።

ፈንግል፦ ነጭ ሽንኩርት የማይመልሰው

የጓሮ ዶሮ አርቢ ዋነኛ ጠላት ፈንግል ነው። በሳይንሱ ኒውካስል ይባላል። በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን በብዙ አካባቢ የዝናቡ መግቢያ ላይ ይበረታል። ዶሮዋ ትደነዝዛለች፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ ትተነፍሳለች ሲባል ታንኮራፋለች፣ አንገቷ ይጠመዘዛል፣ እግርና ክንፏ ይሽባል። ያልተከተቡ ዶሮዎች ባሉበት ግቢ ከገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኞቹን ሊጨርስ ይችላል።

ሰዉ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሎሚና ግራዋ በውኃ በጥብጦ ይሰጣል። እነዚህን መስጠት ዶሮዋን ባይጎዳም ፈንግልን እንደሚያድን የተረጋገጠ ነገር የለም። ለፈንግል በተፈጥሮም ሆነ በፋብሪካ የተሠራ መድኃኒት የለውም። ያለው መከላከያ ክትባት ብቻ ነው። «እኔ በተፈጥሯዊ መንገድ ነው የማረባው» ብሎ ክትባትን መተው ዓመት ሙሉ የተደከመበትን በአንድ ሳምንት መቅበር ነው። ደግሞም ክትባት ከተፈጥሮ ጋር አይጋጭም፤ የሚሠራው የዶሮዋ ሰውነት ራሱ በሽታውን አውቆ እንዲዋጋ በማለማመድ ነውና።

ክትባቱ በአገራችን በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ ተቋም ይመረታል። በዓይን ጠብታ ወይም በመጠጥ ውኃ የሚሰጡ ዓይነቶች አሉት፤ ሙቀትን በተሻለ የሚቋቋምም አለ። ልታስታውሷቸው የሚገቡ ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

• ክትባት የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ፣ በሽታው ከመግባቱ በፊት ነው። የታመመችን አያድንም።
• አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም። እንደ ክትባቱ ዓይነት በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል። ጊዜውን የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቃችሁ ግድግዳ ላይ ጻፉት።
• በውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ክትባቱን ይገድለዋል። ባለሙያው የሚላችሁን ውኃ ተጠቀሙ።
• አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነና ከተበጠበጠ በኋላ ስለማይቆይ ለአምስት ዶሮ ብቻ መግዛት አያዋጣም።

የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ቤተሰብ ክትባትን የሚተውበት ምክንያት ነው። መፍትሔው ግን በእጃችን ነው። የአንድ መስጂድ ጀመዓ ወይም የአንድ ሰፈር እናቶች ተነጋግረው ቀን ቢቆርጡ፣ ገንዘብ አዋጥተው ባለሙያ ቢጠሩ፣ በአንድ ጧት የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ይከተባል። የእኔ ዶሮ ተከትባ የጎረቤቴ ካልተከተበች በሽታው ከሰፈሩ አይወጣም።

ሌሎች የጓሮ ሕመሞች

ኮክሲዲዮሲስ፦ በተለይ ከሦስት ሳምንት በላይ የሆኑ ጫጩቶችን ይይዛል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ምልክቱ ነው። የሚራባው በእርጥብ ጉዝጓዝ ውስጥ በመሆኑ ደረቅ ወለል ግማሽ መድኃኒቱ ነው። ከታየ ግን ጫጩት አይቆይምና በአፋጣኝ ባለሙያ አማክሩ፤ የሚያድን መድኃኒት አለው።

የዶሮ ፈንጣጣ፦ ራሷና ዓይኗ አካባቢ ኪንታሮት የመሰለ እብጠት ያወጣል። ትንኝ ታስተላልፈዋለች። በየጣሳውና በየጎማው የተጠራቀመ ውኃ መድፋት ይረዳል፤ ክትባትም አለው።

ቅማል፣ ቁንጫና ቀይ ደም መጣጭ፦ እዚህ ላይ የተፈጥሮው መንገድ በእርግጥ ይሠራል። ደረቅ አሸዋና የተነፋ አመድ በሰፊ ሣጥን አድርጋችሁ ጣሪያ ሥር አስቀምጡ፤ ዶሮዋ ራሷ እየተንከባለለች ታራግፈዋለች። ዓይኗ ዙሪያ የተጣበቀ ቁንጫ ላይ ቫዝሊን መቀባት ታፍኖ እንዲረግፍ ያደርገዋል። ቀዩ ደም መጣጭ ግን ቀን በቆጡ ስንጥቅ ተደብቆ ሌሊት ስለሚወጣ ዶሮዋ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም። ዶሮዎቹ ማታ ቤታቸው አንገባም ካሉ፣ ራሳቸው ላይ ያለው ሥጋም ከገረጣ ጠርጥሩ። ቆጡን አውጥታችሁ በፈላ ውኃ ለብልቡት፤ በሳምንቱ ድገሙት። ለትኋንና ለበረሮ የተገዛ መርዝ ዶሮ ላይ መንፋት ግን አደጋ ነው፤ ወደ እንቁላሉም ይገባል።

መድኃኒት የወሰደች ዶሮ እንቁላል

ዶሮ ባስነጠሰች ቁጥር ከሱቅ የቴትራሳይክሊን ዱቄት ገዝቶ ውኃ ላይ መበተን ተለምዷል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። ቫይረስን አይገድልም፤ ያለ አግባብ ሲደጋገም ደግሞ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይላመዳል። ያ ባክቴሪያ ነገ ልጃችንን ቢይዝ የጤና ጣቢያው መድኃኒትም ላይበጅ ይችላል። ባለሙያ አዝዞ መድኃኒት ከተሰጠም እንቁላሉና ሥጋው ለስንት ቀን እንደማይበላ ጠይቃችሁ እስከዚያ ቆዩ። ይህን የተደበቀ ነገር ለገበያ ማቅረብ ደግሞ የአማና ጉዳይ ነው።

የታመመችና የሞተች ዶሮ

ፈንግል ሲገባ ገና ያልሞቱትን በችኮላ ወደ ገበያ ማውጣት አለ። ገዢው አያውቅም፤ በሽታውም በማግስቱ ሌላ ሰፈር ይደርሳል። ያመመውን ነገር ደብቆ መሸጥ ማታለል መሆኑን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። የታመመችን ዶሮ አርዶ ማብሰልም፣ በተለይ ሲገነጠል፣ የሚያርደውንና የሚበልተውን ሰው ለጀርም ያጋልጣል። ሳትታረድ የሞተችው በክት ናት፤ ሜዳ ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ ተጥላ ውሻ እንዲጎትታት መተው ግን በሽታውን መዝራት ነው። በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሯት፣ ከተቻለም ኖራ ነስንሱበት። በአንድ ጊዜ ብዙ ዶሮ ከሞተ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አሳውቁ።

ከጓሮ እስከ ማዕድ

• ዶሮ፣ እንቁላል ወይም ኩስ የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ውዱእ እናደርጋለን ብለን ሳሙናውን አንተው።
• ለዶሮ ቤት የተለየ ጫማ ይኑር፤ ከደጅ ይውለቅ።
• ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ዶሮ እንዳይስሙ፣ የዶሮውን ቤት እንዳያጸዱ።
• እንቁላል በየቀኑ ይሰብሰብ። የቆሸሸውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ የምታጥቡት ልታበስሉት ስትሉ ብቻ ይሁን። የተሰነጠቀውን ለረጅም ጊዜ አታስቀምጡ።
• ጥሬ እንቁላል በወተት መትቶ መጠጣት ኃይል ይሰጣል የሚባለው ለሳልሞኔላ የሚያጋልጥ ነው። አስኳሉ እስኪጠጥር የተቀቀለ እንቁላል ይሻላል፤ ፕሮቲኑም በተሻለ ከሰውነት ይዋሃዳል።
• ዶሮ የተበለተበት መክተፊያና ቢላዋ ሳይታጠብ ለሰላጣ አይዋል።

አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ ቫይታሚን ኤ፣ ቢ12 እና ለአንጎል ዕድገት የሚረዳ ኮሊን ይዟል። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ተጨማሪ ምግብ ሲጀምር በደንብ የበሰለ እንቁላል ተፈጭቶ ሊሰጠው ይችላል። እንቁላሉን ሁሉ ሸጠን ለልጁ ሻይና ዳቦ ብቻ የምናቀርብ ከሆነም ዶሮ ማርባታችን ለጤናው ያመጣው ነገር የለም። ከሚሸጠው አስቀድማችሁ የልጁን ድርሻ አስቀሩለት።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ዶሮ ቤታችሁ ውስጥ የምታድር ከሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን መለወጥ ላይቻል ይችላል። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ጀምሩ። በዚህ ሳምንት ዶሮዎቹ የሚያድሩበትን ቦታ ሕፃን ከሚተኛበት ክፍል አውጡ፤ ለጊዜው በረንዳ ላይ የተከለለ ጥግ ወይም በሽቦ የተሸፈነ ሣጥንም ይሁን። በሚቀጥለው ወር ደረቅና አየር ያለው ቤት ሥሩላቸው። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ ክትባት አስከትቡ። ያን ጊዜ ኢንሻአላህ እንቁላሉ ከእነ በረከቱ ማዕዳችሁ ላይ ይቀርባል።

አላህ ለቤተሰባችን ጤናና ዓፊያ፣ ለሲሳያችንም በረካ ይስጠን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።